ዳግም የታነጸ የእንግሊዝ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፦ የየዘመኑን ሥራ ለይቶ ለማወቅ የሚረዳ መመሪያ

በእንግሊዝ ገጠር ወደ አንድ ጥንታዊ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ጎብኚ በበሩ አጠገብ ከሚያገኛቸው መግለጫዎች አንዱ «በ12ኛው ክፍለ ዘመን ተሠርቶ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና የታነጸ» የሚል ነው። አባባሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከሚገልጸው ይልቅ የሚሸፍነው ይበዛል። በመካከለኛው ዘመን አንድን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከመሠረቱ አፍርሶ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መልሶ መሥራት ብዙም የተለመደ አልነበረም። ገንዘብ ሲገኝ አንድ ክንፍ ይጨመራል፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ የግድግዳው ቁመት ከፍ ይላል፤ ማማው ሲሰነጠቅ ይታደሳል፤ መሠዊያው ያለበት ክፍል ግን እንደነበረ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ቤተ ክርስቲያኑ መቼ ተሠራ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «የትኛው ክፍል፣ በማን ገንዘብ፣ በየትኛው አሮጌ ግድግዳ ላይ ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ ውጤት ያስገኛል። ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ ሕንፃውን ራሱን በመመርመር እንዴት መመለስ እንደሚቻል ያሳያል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ጠንካራ የእጅ ባትሪ፣ የመለኪያ ሜትር፣ ባለ ካሬ ወረቀት፣ የተለያየ ቀለም ያላቸው እርሳሶችና ከተቻለ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይበቃል። ፀሐይ በግድግዳው ላይ በጎን የምትወድቅበት ሰዓት ከቀትር ይልቅ ይመረጣል፤ በጎን የሚመጣ ብርሃን በቀትር የማይታየውን ጎርበጥባጣና የመሮ ምልክት በጥላ ያወጣዋልና። ወደ ማማው ለመውጣት የአጥቢያውን ኃላፊዎች አስቀድመው ያስፈቅዱ። ልስን መፋቅ፣ ድንጋይ መነካካት ወይም የበቀለ ነገር መንቀል ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም፤ የምርመራው መሣሪያ ዓይን ብቻ ነው።

ማን ከፈለ?

የተለመደው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ነው። በምሥራቅ ጫፍ መሠዊያው የሚገኝበትና ካህናት የሚያገለግሉበት ክፍል፣ ቻንስል፣ አለ። ከእርሱ በስተምዕራብ ምእመናን የሚሰበሰቡበት ሰፊ አዳራሽ፣ ኔቭ፣ ይገኛል። በኔቩ ግራና ቀኝ በዓምዶችና በቅስቶች ረድፍ የተለዩ የጎን ክንፎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ የደወሉ ማማ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በምዕራብ ጫፍ ይቆማል። መጀመሪያ ይህን በወረቀትዎ ላይ በግምት ይንደፉ፤ ልኬቱ በኋላ ይስተካከላል።

ንድፉን እንደጨረሱ አንድ ሕግ ያስታውሱ። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሰፊው የጸናው ልማድ ኔቩን የመጠገን ኃላፊነት በምእመናኑ ላይ፣ ቻንስሉን የመጠገን ኃላፊነት ደግሞ የአጥቢያውን ዐሥራት በሚቀበለው ባለ መብት ላይ ይጥል ነበር። ያ ባለ መብት ካህን፣ ገዳም ወይም ኮሌጅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ስለሆነ የአንዱ ሕንፃ ሁለት ግማሾች ሁለት የተለያዩ ቦርሳዎች ነበሯቸው፤ ሀብት ያገኘው ወገን የራሱን ክፍል ሲያንጽ ሌላው በአሮጌው ይጸና ነበር። በእኔ እምነት በእንግሊዝ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት ላይ ከሚታየው የመጠንና የአሠራር አለመመጣጠን አብዛኛውን የሚያስረዳው ይህ አንድ ሕግ ነው።

በሳፎክ አውራጃ የምትገኘው ላቨናም ይህን በግልጽ ታሳያለች። በሱፍ ጨርቅ ንግድ የበለጸገችው ይህች ከተማ ከ1485 ገደማ እስከ 1525 ገደማ ባለው ጊዜ ኔቩን በታላቅ ክብር እንደገና አሠራች፤ 43 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ማማም ቆመ። ወጪውን በዋናነት የሸፈኑት የኦክስፎርድ ኧርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው) የነበረው ጆን ደ ቪርና የጨርቅ ነጋዴዎቹ የስፕሪንግ ቤተሰብ ናቸው፤ የደ ቪር ቤት ምልክት የሆነው ኮከብና የስፕሪንጎች የንግድ ምልክት በማማው ድንጋይ ላይ ተቀርጸው ይታያሉ። ቻንስሉ ግን የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሆኖ በዚያ ግዙፍ ኔቭ ጫፍ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ተቃራኒው ምሳሌ በኦክስፎርድሽር የሚገኘው አደርበሪ ነው። እዚያ የአጥቢያው ባለ መብት የኦክስፎርዱ ኒው ኮሌጅ ስለነበረ፣ ከ1408 እስከ 1418 ድረስ ሪቻርድ ዊንችኮምብ የተባለው ዋና ግንበኛ ቻንስሉን በላቀ ጥበብ መልሶ ሠራው፤ የሥራው የወጪ መዝገብም እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ አንዱ ክፍል ከሌላው በጣም ከፍ ብሎ፣ አጊጦ ወይም በተለየ ድንጋይ ተሠርቶ ሲያዩ፣ ስለ አሠራሩ ዘመን ከማሰብዎ በፊት የክፍሉ ከፋይ ማን እንደነበረ ይጠይቁ።

የውጭው ዙር

ከማማው ተነሥተው ሕንፃውን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይዙሩ። በዚህ ዙር መስኮቶቹን አለመመልከት ይሻላል። መስኮት ዓይንን የሚስብ፣ በቀላሉ የሚነቀልና የሚተካ ነገር ነው፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ግድግዳ ላይ የ15ኛው ክፍለ ዘመን መስኮት፣ በዚያም ውስጥ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋይ ማግኘት የዘወትር ነገር ነው። ግድግዳው ግን ምስክርነቱ የጸና ነው።

በመጀመሪያ የድንጋዩን ዓይነት ይለዩ። መንገድ አስቸጋሪና ማጓጓዣ ውድ በነበረበት ዘመን ለግድግዳው የሚውለው ድንጋይ በአብዛኛው የሚመጣው ከቅርብ ነበር፤ በኖርፎክና በሳፎክ ባልጩት፣ በኮትስዎልድ ኮረብቶች ወርቃማ የኖራ ድንጋይ፣ በኮርንዎል ግራናይት፣ በኖርዝሃምፕተንሽር በከፊል ዝገት የመሰለ ብረት አዘል ድንጋይ ይበዛል። በአካባቢው ድንጋይ መካከል በድንገት ሌላ ዓይነት ድንጋይ ከመጣ ሌላ የሥራ ዘመን፣ ሌላ ከፋይ ወይም ከፈረሰ ሕንፃ የተወሰደ ድንጋይ እንዳለ ይጠርጥሩ። የብሪክስዎርዝ ቤተ ክርስቲያን ቅስቶች የሮማውያን ጡብ ናቸው፤ በካውንቲ ደርሃም ያለው የ7ኛው ክፍለ ዘመን የኤስኮም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከሮማውያን ምሽግ በተወሰደ ድንጋይ ተሠርቷል። ድንጋይ ከሕንፃው ዕድሜ በላይ ሊያረጅ እንደሚችል እነዚህ ሁለቱ በቂ ማስረጃዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ መጋጠሚያዎችን ይፈልጉ። አንድ ግንበኛ አንድን ግድግዳ ያለ ማቋረጥ ሲሠራ፣ ከላይ የሚያኖረው ድንጋይ ከታች ያሉትን የሁለት ድንጋዮች መገናኛ እንዲሸፍን አድርጎ ያስቀምጣል፤ በዚህም ምክንያት በጤናማ ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ላይ የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር አይገኝም። እንዲህ ያለ መስመር ካገኙ በዚያ ቦታ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ተገናኝተዋል ማለት ነው። ቀርበው መስመሩን ግራና ቀኝ ይመርምሩት። በአንደኛው ወገን ትላልቅ፣ በጥንቃቄ የተጠረቡ የማዕዘን ድንጋዮች አንዱ ረጅም ጎኑን፣ ቀጣዩ አጭር ጎኑን እያሳዩ ተደርድረው ይገኛሉ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ያንን ማዕዘን ለመሙላት በየመጠኑ የተቆራረጡ ትናንሽ ድንጋዮች ተጠጋግተው ይታያሉ። የማዕዘን ድንጋይ ያለው ወገን ቀድሞ የቆመ ነው፤ አንድ ጊዜ የሕንፃው የውጭ ጫፍ ነበረና። ተጠግቶ የተሠራው በኋላ የመጣ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ርቀት አንድ ዓመት ይሁን ሦስት መቶ ዓመት መስመሩ ብቻውን አይናገርም፤ ቅደም ተከተሉን ግን በእርግጠኝነት ይናገራል፤ ቅደም ተከተል ደግሞ ከቀን በፊት የሚፈለግ ነገር ነው።

በግድግዳው እግር ዙሪያ ወጣ ብሎ የሚሄደው የድንጋይ እርከን በድንገት ከፍታው ወይም ቅርጹ ከተለወጠ፣ የድንጋዩ ረድፎች ቁመት ከተለያየ፣ ወይም የስካፎልዲንግ፣ ማለትም ግንበኞች የሚቆሙበት ጊዜያዊ መወጣጫ፣ ምሰሶ የገባባቸው ቀዳዳዎች በሁለት ቦታ በተለያየ ደረጃ ከተደረደሩ፣ እነዚህም የሥራ መቋረጥን ያመለክታሉ። ድንጋዮቹ በሰያፍ አንድ ረድፍ ወደ ግራ፣ አንድ ረድፍ ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው ከተደረደሩ ብዙውን ጊዜ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ብቻውን ግን አያስፈርድም።

የተደፈኑ በሮችና ቅስቶች ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ። በውጭ ግድግዳ ላይ በድንጋይ የተሞሉ የቅስቶች ረድፍ ከታየ በዚያ ወገን አንድ የጎን ክንፍ ፈርሷል ማለት ነው። «እንደገና መታነጽ» ሁልጊዜ መስፋት አይደለም፤ ሕዝብ ሲቀንስ ሕንፃውም ይቀንሳል። በዮርክሽር በተተወችው የዋረም ፐርሲ መንደር የሚገኘው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን የዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ለዐሥርት ዓመታት በተካሄደው ቁፋሮ መጀመሪያ ትንሽ የእንጨት ሕንፃ እንደነበረ፣ በድንጋይ ተተክቶ ክንፎች እንደወጡለት፣ በኋላም መንደሩ ሲመናመን ክንፎቹ ፈርሰው ቅስቶቹ እንደተደፈኑ ታውቋል።

ውጭውን ብቻ ማመን እንዴት እንደሚያሳስት የሚያስተምረው ደግሞ በኤሴክስ ያለው የሪቨንሆል ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1838 እና በ1839 በሲሚንቶ ልስን ተሸፍኖና መልኩ ተለውጦ ስለነበር ለረጅም ጊዜ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋሪክና ከርስቲ ሮድዌል በግድግዳውና በዙሪያው ባካሄዱት ምርመራ ከልስኑ ሥር የአንግሎ ሳክሰን ዘመን (ከ1066 በፊት) ግድግዳ እስከ ከፍተኛ ደረጃ ድረስ ቆሞ ተገኘ። ስለዚህ ልስን የለበሰ ሕንፃ ሲያጋጥምዎ ግድግዳው «ያልታወቀ» ተብሎ ይመዝገብ እንጂ «አዲስ» አይባል።

የጣሪያ ጠባሳ በማማው ላይ

ማማው ለምርመራ ከሁሉም የበለጠ ፍሬ የሚሰጥ ቦታ ነው፤ በተለይ ወደ ኔቩ የሚመለከተው ምሥራቃዊ ገጹ። እዚያ ላይ ከአሁኑ ጣሪያ ጋር የማይገጥም፣ በሁለት ወገን ተዳፋት ሆኖ በጫፍ የሚገናኝ የወጣ ድንጋይ መስመር ወይም የተፋቀ ጠባሳ ይፈልጉ። ይህ የአሮጌው ጣሪያ አሻራ ነው። የሣር ወይም የእንጨት ክዳን ዝናብ እንዳያስገባ ጣሪያው ቁልቁል መሆን ነበረበት፤ የእርሳስ ክዳን ግን በጣም ቁልቁል ከሆነ ከክብደቱ የተነሣ ቀስ በቀስ ወደ ታች ስለሚንሸራተት ዝርግ ጣሪያ ይስማማዋል። በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ብዙ አጥቢያዎች በእርሳስ ሲከድኑ ጣሪያውን ዝርግ፣ ግድግዳውን ደግሞ ረጅም አደረጉ፤ ከጎን ክንፎቹ ጣሪያ በላይም ብርሃን የሚያስገባ የመስኮቶች ረድፍ ጨመሩ።

ጠባሳው ከአሁኑ ጣሪያ በላይ፣ ለዝናብ ተጋልጦ ከታየ፣ የቀድሞው ጣሪያ ቁልቁልና ጫፈ ረጅም ነበር፤ በኋላ ዝቅ ብሏል። ጠባሳው በኔቩ ውስጥ፣ ከማማው ቅስት በላይ በሚገኘው ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ኔቩ ከፍ ተደርጎ እንደገና ተሠርቷል። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፦ የጠባሳው ጫፍ በትክክል በአሁኑ ኔቭ መካከል ነውን? ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ኔቩ በሌላው ወገን እንዲሰፋ ተደርጓል፤ ከፋዮቹ አንዱን ግድግዳ አፍርሰው ሌላውን ትተውታል። ይህን ከመሬት ሆኖ በሜትር ማረጋገጥ ይቻላል፤ ከማማው ቅስት መካከል እስከ ሁለቱ የኔቭ ግድግዳዎች ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ሁለቱ ልኬቶች ከተበላለጡ ጥርጣሬዎ ይጠናከራል።

ማማውን ከታች ወደ ላይ በደረጃ መመርመርም ጥሩ ልማድ ነው። የእንግሊዝን የመካከለኛው ዘመን ሥነ ሕንፃ ዛሬ በምንጠቀምባቸው ስሞች የከፋፈለው ቶማስ ሪክማን፣ በባርተን-አፖን-ሃምበር የቅዱስ ጴጥሮስ ማማ ላይ የላይኛው ደረጃ ኖርማን (ከ1066 በኋላ የተሠራ) ከሆነ ከሥሩ ያለውና በአሠራሩ የተለየው ክፍል የግድ ከኖርማን ዘመን የሚቀድም መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። የአንግሎ ሳክሰንን አሠራር ለይቶ ለማወቅ መሠረት ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው፤ ዘዴውም ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት ነው። ማማ ግን በራሱ ሊያሳስት ይችላል። በሎንግ ሜልፎርድ ቤተ ክርስቲያኑ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በሱፍ ጨርቅ ሀብት እንደገና ሲታነጽ፣ በውጭው ግድግዳ ለለጋሾቹ ነፍስ ጸሎት የሚለምኑ ጽሑፎች ተቀረጹበት፤ ማማው ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በመብረቅ ተመትቶ በጡብ ተተካ፤ እርሱም ከ1898 እስከ 1903 በጆርጅ ፍሬደሪክ ቦድሊ ንድፍ የድንጋይና የባልጩት ሽፋን ለበሰ። አሁን ከሩቅ ሲታይ ከኔቩ ጋር እኩያ ይመስላል።

ውስጡ

ውስጥ ሲገቡ በመጀመሪያ በኔቩ ሰሜንና ደቡብ ያሉትን የዓምድና የቅስት ረድፎች ያወዳድሩ። ዓምዶቹ በአንዱ ወገን ክብና ወፍራም፣ በሌላው ወገን ባለ ብዙ ጎንና ቀጭን ከሆኑ ክንፎቹ በተለያየ ዘመን ተጨምረዋል። አሠራሩም እንዲህ ነበር፦ ቅዳሴው እንዳይቋረጥ አዲሱ ክንፍ ከአሮጌው ግድግዳ ውጭ ይገነባል፤ ከተከደነ በኋላ አሮጌው ግድግዳ ተበስቶ ቅስቶች ይከፈቱበታል። ስለዚህ ከቅስቶቹ በላይ ያለው ግድግዳ ከቅስቶቹ የሚበልጥ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ለዚህ ማረጋገጫው በረድፉ ጫፎች ላይ ሳይነካ የቀረ ወፍራም የግድግዳ ቁራጭ፣ ወይም ከቅስቶቹ በላይ የተደፈነና አሁን ወደ ክንፉ ውስጥ የሚመለከት ትንሽ አሮጌ መስኮት ነው፤ ማንም ሰው ከቤት ወደ ቤት የሚመለከት መስኮት አይሠራም፤ ያ ግድግዳ አንድ ጊዜ የውጭ ግድግዳ ነበር።

በደቡብ በር አካባቢ በድንጋይ ላይ የተጫረ ትንሽ የፀሐይ ሰዓት፣ መካከሉ ቀዳዳና ዙሪያው ጨረር የመሰሉ መስመሮች ያሉት፣ ይፈልጉ። የቅዳሴ ሰዓት ለማወቅ ያገለግል ስለነበር ትርጉም የሚኖረው ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። በረንዳ ውስጥ ካገኙት በረንዳው ከግድግዳው በኋላ የተሠራ ነው፤ ተገልብጦ ወይም በሰሜን ግድግዳ ላይ ካገኙት ድንጋዩ ከሌላ ቦታ ተነቅሎ እንደገና ጥቅም ላይ ውሏል። በአንድ ጥፍር በሚያክል ጭረት የአንድን ሕንፃ ታሪክ ማስተካከል መቻሉ ይህን ሥራ እንድወድደው ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

በጎን ክንፍ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በደቡብ ግድግዳው ላይ፣ ካህኑ ዕቃዎቹን የሚያጥብበት ትንሽ ባለ ቀዳዳ ጎድጓዳ ድንጋይ ካለ በዚያ ሌላ መሠዊያ ነበር። በቻንስሉ ቅስት አጠገብ ወደ ላይ የሚወጣ ጠባብ ደረጃና ከፍ ብሎ የትም የማያደርስ በር ካለ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ተሐድሶ ጊዜ የተወገደው ከስቅለቱ ሥዕል በታች የነበረ የእንጨት ሰገነት መውጫ ነው። የጥምቀት ገንዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሕንፃው ሁሉ ያረጀ ዕቃ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታነጽ ገንዳው ግን እንዲቆይ ይደረግ ነበርና፤ የሕንፃውን ዕድሜ ግን ከገንዳው አይውሰዱ።

መስኮቶችና ስሞቻቸው

አሁን ወደ መስኮቶቹ መመለስ ይቻላል። ሪክማን በ1817 ያወጣቸው ስሞች አሁንም ያገለግላሉ። ከ1066 እስከ 1190 ገደማ ያለው ኖርማን በክብ ቅስት፣ በወፍራም ግድግዳ፣ በዚግዛግ ቅርጽና በትናንሽ መስኮቶች ይታወቃል። ከ1190 እስከ 1250 ገደማ ኧርሊ ኢንግሊሽ የሚባለው ጫፈ ሹል፣ ጠባብና ረጅም መስኮት፣ ነጠላ ወይም ሦስት ሦስት ሆኖ የተደረደረ፣ ያመጣ ነው። ዲኮሬትድ እስከ 1350 ገደማ ይዘልቃል፤ የመስኮቱ ራስ በድንጋይ ፍርግርግ ይሞላል፤ መጀመሪያ በክበቦች፣ በኋላም እንደ ማዕበል በሚታጠፉ መስመሮች። ከዚያ በኋላ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆየው ፐርፔንዲኩላር ነው፤ ቋሚ የድንጋይ ዘንጎች ሳይታጠፉ ቀጥ ብለው እስከ ቅስቱ ይወጣሉ፤ ቅስቱ ይጠፈጠፋል፤ መስኮቱ ይሰፋል፤ ግድግዳው ወደ መስታወትነት ይቃረባል። ከ1066 በፊት ለነበረው የአንግሎ ሳክሰን ሥራ ደግሞ ምልክቱ እንደ ኧርልስ ባርተን ማማ ቀጫጭን የድንጋይ ሰቆች፣ በማዕዘን ላይ አንዱ ቆሞ አንዱ ተጋድሞ የሚደረደር ድንጋይ፣ ሦስት ማዕዘን ራስ ያለው መክፈቻም ነው።

ዓመታቱ ግምት መሆናቸውን አይርሱ። ከ1348 እስከ 1349 የዘለቀው ታላቁ ወረርሽኝ በብዙ ቦታ ሥራ አስቁሟል፤ ከከተማ የራቀ ግንበኛም የተማረውን አሠራር ከዘመኑ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሊቀጥልበት ይችላል። መስኮቱ ከግድግዳው ጋር አብሮ መሠራቱን ለማወቅ ዙሪያውን ይመልከቱ፤ የግድግዳው ረድፍ እስከ መስኮቱ ጠርዝ ድረስ ሳይረበሽ ከደረሰ አብሮ ተሠርቷል፤ በዙሪያው የተሰባበረ ሙሌት ካለ በኋላ ገብቷል።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት ታድሰዋል ወይም በከፊል እንደገና ታንጸዋል፤ ሠሪዎቹም የመካከለኛውን ዘመን አሠራር ጠንቅቀው ያጠኑ ነበሩ። በ1839 የተመሠረተው የካምብሪጅ ካምደን ማኅበር «ትክክለኛ» ያለውን የ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሠራር ይደግፍ ስለነበር፣ ብዙ የፐርፔንዲኩላር መስኮቶች ተነቅለው በዲኮሬትድ መልክ ተተክተዋል። እንግዲህ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ግድግዳ ላይ ንጹሕ የዲኮሬትድ መስኮት ካዩ መጀመሪያ ሊጠረጥሩ የሚገባው ቪክቶሪያውያንን ነው።

ለመለየት ወደ ድንጋዩ ይቅረቡና ባትሪውን በጎን ያብሩበት። የመካከለኛው ዘመን ድንጋይ ጠርዙ በዝናብና በውርጭ ተሸርፎ ለስልሷል፤ የመሮው ምቶች አቅጣጫ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ይለያያል፤ በኖርማን ዘመን በሰያፍ የወረዱ ሻካራ የመጥረቢያ መስመሮች ይታያሉ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋይ ግን ጠርዙ ስለታም ነው፤ የመሮው መስመሮች በማስመሪያ የተሰመሩ ያህል እኩል ተራርቀው ይወርዳሉ፤ በአንዱ መስኮት ያለው ቅጠል በሌላውም ሳይለወጥ ይደገማል። ቀጥለው በአንዱ መስኮት ውስጥ ያሉትን ድንጋዮች ለየብቻ ይቁጠሩ። የጎኖቹ ድንጋዮች አሮጌ፣ የላይኛው ፍርግርግ አዲስ የሆነበት መስኮት እጅግ ብዙ ነው። በፍርግርጉ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት አሮጌ ቁራጮች ከቀሩ አዳሹ የነበረውን ቅርጽ የመከተል ዕድሉ ሰፊ ነው፤ አንድም ካልቀረ ቅርጹ ፈጠራ ሊሆን ይችላል።

ውስጡ ልስኑ ተፍቆ ያልተስተካከለው ድንጋይ ራቁቱን የሚታይ ከሆነ ያም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ምርጫ ነው እንጂ የመካከለኛው ዘመን አይደለም። የመካከለኛው ዘመን ሰው ግድግዳውን በኖራ ይለስንና በሥዕል ይሸፍነው ነበር፤ ልስኑ ሲፋቅ ሥዕሉም አብሮ ጠፍቷል። ይህ ጥፋት እስካሁን ያሳዝነኛል። ዊልያም ሞሪስ በ1877 የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ያቋቋመው አርክቴክቱ ጆርጅ ጊልበርት ስኮት በተክስበሪ ቤተ ክርስቲያን ሊያካሂድ ያሰበውን እድሳት በመቃወም ነበር፤ ማኅበሩ «ማደስ» የሚለውን ትቶ ጥገናን ብቻ ይመክራል። የተቀባና የተቃጠለ ሸክላ ንጣፍ፣ ፒች ፓይን ከሚባል የጥድ ዓይነት እንጨት የተሠሩ አግዳሚ ወንበሮች፣ በደረጃ ከፍ የተደረገ ቻንስልም የዚሁ ዘመን ተጨማሪ ምልክቶች ናቸው።

በእሳትና በቦምብ ከጠፉ በኋላ

በለንደን «እንደገና የታነጸ» ማለት ሌላ ነገር ነው። በ1666ቱ ታላቅ እሳት 87 አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ አርክቴክቱ ክሪስቶፈር ሬን በሚመራው ቢሮ 51 ያህል በድንጋይ ከሰል ላይ በተጣለ ቀረጥ እንደገና ታነጹ። አዲሶቹ ሕንፃዎች ብዙ ጊዜ በአሮጌው መሠረት ላይ ስለቆሙ፣ ማዕዘኑ የተጣመመ የሬን ሕንፃ ሲያዩ የመካከለኛውን ዘመን ቦታ ድንበር እያዩ ነው። ቅድስት ማርያም-ለ-ቦው ከምድር በታች የ11ኛው ክፍለ ዘመን ኖርማን ክፍል ይዛለች፤ በላይዋ የሬን ሥራ፣ እርሱም በ1941 በቦምብ ተመትቶ እንደገና የታነጸ ነው። በፍሊት ስትሪት ያለው የቅድስት ብራይድ ቤተ ክርስቲያን በታኅሣሥ 1940 ሲቃጠል፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተካሄደው ቁፋሮ ከሬን ወለል ሥር የቀደሙት ቤተ ክርስቲያናት መሠረትና የሮማውያን ወለል ተገኝቷል። በኖርፎክ የግሬት ያርመዝ የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን በ1942 ተቃጥሎ የውጭው ግድግዳ ብቻ ቀረ፤ ስቴቨን ዳይክስ ባወር በዚያ ግድግዳ ውስጥ የሠራው አዲሱ ውስጥ በ1961 ተመረቀ። እንዲህ ባለ ሕንፃ የውጭውንና የውስጡን ምርመራ በሁለት የተለያዩ ንድፎች ይመዝግቡ።

ሰነዶችና የመጨረሻው ንድፍ

ሰነድ የሚፈለገው ሕንፃው ከተመረመረ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተነበበ ዓይን የተነገረውን ብቻ ይፈልጋል። የግንባታ ውል ከተገኘ ዕድል ነው፦ የካተሪክ ቤተ ክርስቲያን የ1412 ውል ከሪቻርድ ክራካል ጋር የተደረገ ሲሆን እስከ ዛሬ አለ፤ የዎልበርስዊክ ማማ የ1426 ገደማ ውልም ግንበኞቹ በስም የተጠቀሱ የጎረቤት ማማዎችን እንዲመስሉ ያዝዛል። ለ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ በአውራጃው መዛግብት ቤት የሚገኘውን የሀገረ ስብከቱን የግንባታ ፈቃድ ይጠይቁ፤ በ1818 የተቋቋመው የቤተ ክርስቲያን ግንባታ ማኅበር ሥራውን በገንዘብ የረዳ ከሆነ ከእድሳቱ በፊትና በኋላ ያለው ንድፍ በላምበዝ ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ሊገኝ ይችላል። ከእድሳት በፊት የተሣለ ሥዕል ከመቶ ገጽ መግለጫ ይበልጣል። የጣሪያው እንጨት አሮጌ ከሆነ ባለሙያዎች ከዓመታዊ ቀለበቶቹ የተቆረጠበትን ዘመን ማስላት ይችላሉ፤ ውጤቱ ግን የእንጨቱን እንጂ የግድግዳውን ዕድሜ አይነግርም።

በመጨረሻ ንድፍዎን በቀለም ይሙሉ፤ ለእያንዳንዱ የሥራ ዘመን አንድ ቀለም፣ እርግጠኛ ላልሆኑበት ግድግዳ ደግሞ ባዶ ቦታ። በእያንዳንዱ ቀለም አጠገብ ማስረጃውን በአጭሩ ይጻፉ፦ «ቀጥ ያለ መጋጠሚያ፣ የማዕዘን ድንጋዩ በምሥራቅ ወገን»፣ «ጣሪያ ጠባሳ፣ ከኔቩ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ሰሜን»። ማስረጃ የሌለውን ቀለም ይደምስሱ። አንድ ቅጂ ለአጥቢያው፣ አንድ ለአውራጃው መዛግብት ቤት ይስጡ፤ ግድግዳው ዳግም በሚታደስበት ጊዜ ዛሬ የሚታየው መጋጠሚያ ከልስን ሥር ሊሰወር ስለሚችል።